የኢሉ አባ ቦር የቡና ደን፦ ከጥላው ሥር ተተኪ ዛፍ አለ ወይ?

ከመቱ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ በመጓዝ ጎሬ የሚደርስ መንገደኛ በክረምትም ሆነ በበጋ ዓይኑ የሚያርፈው በአረንጓዴ ላይ ነው። በ2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ በበልግ ይጀምራል፤ ክረምቱንም አልፎ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ይሁንና አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከከተማዋ ወጣ ሲባል እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ የሚታየው የጉመሮ ሻይ ልማት ነው። በየመንደሩ ዳር ቀጥ ብሎ የተሰለፈው ባሕር ዛፍ ነው። ከሸለቆው አፋፍ እስከ ወንዙ ዳር የሚወርደው፣ ቁመቱም ቀለሙም የተዘበራረቀው ደግሞ የተፈጥሮ ደን ነው። ከሩቅ ሲታዩ ሦስቱም ይመሳሰላሉ፤ ለውኃ፣ ለአፈር፣ ለእንስሳትና ለቡና የሚሰጡት ጥቅም ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ስለ አካባቢው ደን ሲወሳ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ሄክታር እንደ ቀረ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ለኢሉ አባ ቦር ብቻውን የተሟላ መልስ አያስገኝም። በዚህ ዞን ብዙ አባወራዎች የሚኖሩት ደኑን በመቁረጥ ሳይሆን ከሥሩ ቡና በመልቀም፣ በዛፎቹም ላይ ቀፎ በመስቀል ነው። በመሆኑም ዛፎቹ ቆመው፣ የሄክታሩም ቁጥር ሳይቀነስ፣ ደኑ ውስጥ ውስጡን ሊያረጅና ተተኪ ሊያጣ ይችላል። ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚያብራራውም ይህንኑ ከላይ ሆኖ የማይታይ ለውጥ ነው።

የደኑ አወቃቀርና ነዋሪዎቹ

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እርጥበታማ ደን እንደ ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ነው። ከሁሉም በላይ ራሱን አውጥቶ የሚታየው ቀረሮ ነው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም በዚሁ ስም ይጠራል። ከእርሱ ዝቅ ብለው ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ ዶቅማ፣ ልዩ ልዩ የሾላና የዋርካ ዓይነቶች፣ እንዲሁም ነዋሪው «ሆሚ» የሚለው ጥቁር እንጨት ይገኛሉ። የጥቁር እንጨት ቅርፊት ለመድኃኒትነት ስለሚፈለግ የዛፉ ዓለም አቀፍ ንግድ በስምምነት ቁጥጥር ይደረግበታል። በሦስተኛው እርከን ብርብራ፣ ግራዋና በወንዝ ዳር ዘንባባ ይበቅላሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጥላ ሥር ደግሞ ቡና አለ፤ ከቡናው ሥር ኮረሪማ፣ በዛፎቹ ግንድ ላይ የሚንጠላጠል ጥምዝ፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ሐረግና ፈርን። ከፍ ባለው ቀዝቃዛ ሥፍራ የሚበቅለው ጌተም በአበባው ወቅት ለንቦች ቀለብ ይሆናል፤ የአካባቢው ነጭ ማር ከዚህ ዛፍ አበባ የሚገኝ ነው።

ከእንስሳቱ መካከል ጉሬዛ በቀላሉ ይታያል። ቅጠል በል በመሆኑ ከገበሬው ጋር እምብዛም አይጣላም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኝ የጦጣ ንዑስ ዝርያም በዚሁ ደን ይኖራል። ነብር፣ ድኩላ፣ የዱር አሳማና ጥርኝ በአብዛኛው በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ናቸው። ጥርኝ በኢሉ አባ ቦርና በጅማ ገጠሮች ለረጅም ዘመን በቀፎ መሰል ጎጆ እየተያዘ ዝባዱ ለሽቶ ቀማሚዎች ሲሸጥ የኖረ እንስሳ ነው፤ ዝባዱ በበሬ ቀንድ ታሽጎ ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደነበር ዕድሜ የጠገቡ ነጋዴዎች ያስታውሱታል። ሶሪትና ባለ ትልቅ ምንቃር ወፎች የዛፍና የቡና ፍሬ እየበሉ ዘሩን ከእናት ዛፍ ርቀው ይጥላሉ። ሰው ያልተከለው ቡና በደኑ ውስጥ ተበታትኖ የሚበቅልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ደኑ የወንዞችም መነሻ ነው። በበቾ አካባቢ በታላቅ ፏፏቴ የሚወርደው ሶር ከገባ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ ገባ ከብርብር ጋር ሲገናኝ ባሮ ይሆናል። ባሮ ጋምቤላን አቋርጦ ሶባት ከሚባለው ወንዝ ጋር ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በሶር ላይ የተሠራው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ለአካባቢው ከተሞች ብርሃን ሲሰጥ የቆየ ነው። በባሮ ላይ በክረምት ወራት ይመላለሱ የነበሩ የእንፋሎት ጀልባዎችም በአንድ ወቅት የጎሬን ቡና ከጋምቤላ ወደ ካርቱም ያጓጉዙ ነበር። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ የውጭ አገር ቆንስላዎችና ነጋዴዎች የከተሙባት ከተማ ለመሆን የበቃችው በአብዛኛው በዚህ ንግድ ምክንያት ነው። የንግዱ ምንጭ ግን እርሻ አልነበረም፤ ከጫካ የሚለቀም ቡና ነበር።

ከቢሻሪ የተመረጡት የቡና ዛፎች

የዚህ ደን ዋጋ በጥሬ ገንዘብ ጭምር የታየበትን አንድ ታሪክ በዝርዝር ማንሣት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎች በአጭሩ «ሲቢዲ» የሚሉት፣ በኢትዮጵያ መከሰቱ ታወቀ። በሽታው ቀደም ሲል በ1922 በኬንያ የታየ ሲሆን፣ በፈንገስ አማካይነት ገና ያልበሰለውን አረንጓዴ ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል። ቀዝቃዛና ዝናባማ ከፍታዎች ይስማሙታል፤ በሌላ አነጋገር እንደ ጎሬና መቱ ያሉ ቦታዎች ለበሽታው የተመቹ ናቸው። የሚቋቋም ተፈጥሮ በሌለው ቡና ላይ ከወረደ የዓመቱን ምርት ጠራርጎ ሊወስድ ይችላል። ኬሚካል መርጨት የሚቻል ቢሆንም፣ በየጓሮውና በየጫካው ጥቂት እግር ቡና ላለው ገበሬ ወጪው የማይቀመስ ነበር።

በጅማ የሚገኘው የቡና ምርምር ማዕከል መፍትሔውን የፈለገው ከመርጫ ዕቃ ይልቅ ከቡናው ከራሱ ነው። በሽታው ክፉኛ በመታቸው ማሳዎችና ደኖች ውስጥ በመዘዋወር በዙሪያቸው ያሉት ዛፎች ፍሬ ሲያረግፉ ፍሬያቸውን ይዘው የቆዩትን መፈለግ ዋናው ሥራ ሆነ። ዘራቸው ተሰብስቦ ተፈተነ፤ የተሻሉት ተለይተው ወጡ። ከእነዚህም መካከል 74110፣ 74112፣ 74140፣ 74148፣ 74158 እና 74165 የሚባሉት በመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከተባለ ሥፍራ የተገኙ ናቸው። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን 1974 (እ.ኤ.አ.) ያመለክታሉ፤ ቀሪዎቹ የእናት ዛፉ መለያ ናቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዘሩ ለገበሬው መከፋፈል ጀመረ። በሌላ አገር አዲስ ዝርያ ለማውጣት ማዳቀልን ጨምሮ ረጅም ዓመታት የሚጠይቀው ሥራ እዚህ እንዲህ ባጠረ ጊዜ ሊከናወን የቻለው መድኃኒቱ ቀድሞውኑ በጫካው ውስጥ ቆሞ ስለነበረ ነው።

ዛሬ የእነዚያ ዛፎች ልጆች ከኢሉ አባ ቦርና ከጅማ አልፈው በሲዳማና በጉጂ ማሳዎች ላይ ይገኛሉ። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ቡና ቆሊዎች «74110» እና «74158» የሚሉትን ቁጥሮች በማሸጊያቸው ላይ ያትማሉ፤ ቁጥሩ ከመቱ ጫካ የወጣ መሆኑን ከጠጪዎቹ መካከል የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ ያለፈ ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የሚለማው የአረቢካ ቡና በአብዛኛው በየመን በኩል ከወጡ ጥቂት ዛፎች የተራባ በመሆኑ የዘር መሠረቱ እጅግ ጠባብ ነው። የቅጠል ዋግ፣ የቡና አድርቅ በሽታ፣ የሙቀት መጨመርና የዝናብ መዛባት ወደፊት ለሚያመጡት ችግር አዲስ ባሕርይ የሚፈለገው ከደኑ ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት ከ124 የቡና ዝርያዎች 75ቱ፣ ማለትም 60 በመቶ የሚሆኑት፣ የመጥፋት ሥጋት ያለባቸው መሆኑ ተመልክቷል። አረቢካ ራሱ፣ በዱር ያለው፣ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጎራ ተመድቧል። በዓለም ገበያ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠር ስኒ የሚጠጣ ተክል በትውልድ ደኑ ውስጥ ሥጋት ላይ ነው ሲባል ለማመን ቢያስቸግርም ነገሩ እውነት ነው፤ ማሳ ላይ ያለው ብዛት በጫካ ያለውን ልዩነት ሊተካ አይችልም።

ቡና ደንን ያቆያል፣ ያሳሳዋልም

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኑ ከሌሎች አካባቢዎች በተሻለ ሁኔታ እስካሁን የቆየው በአብዛኛው በቡና ምክንያት እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። ከዛፉ ጥላ ሥር የሚለቀም እሸት ያለው ገበሬ ዛፉን ለመቁረጥ አይቸኩልም። በ1977 ዓ.ም. ከድርቅ የተፈናቀሉ በርካታ ወገኖች በዞኑ ሲሰፍሩ ለእርሻና ለመኖሪያ የተመነጠረው መሬት ቀላል አልነበረም፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም በቆሎ፣ ባሕር ዛፍና ጫት እየሰፉ መጥተዋል። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ይህ ግፊት ይበረታል። ስለዚህ ለደኑ ሲባል ቡናውን መተው የሚለው ሐሳብ በኢሉ አባ ቦር ተግባራዊ ሊሆን አይችልም፤ ቡናው ዋጋ ሲያጣ ደኑም አብሮ ዋጋ ያጣልና።

የነገሩ ሌላ ገጽታ ግን አለ። በንጹሕ የጫካ ቡና ሥርዓት ሰው የሚያደርገው ፍሬውን መልቀምና መግቢያ መንገድ ማበጀት ብቻ ነው፤ ምርቱም በጣም ዝቅተኛ ነው። ምርቱን ለመጨመር ገበሬው ከቡናው ዙሪያ ያለውን ቁጥቋጦና ሐረግ ይመነጥራል፤ ብርሃን እንዲገባም ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ያላቸውን ዛፎች ያነሣል። ከፊል የጫካ ቡና የሚባለው ይኸው ነው። ምርቱ በእጅጉ ስለሚያድግ ገበሬው ወደዚህ ማዘንበሉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ከዛፎቹ መካከልም ለቡናው የሚስማሙትን ይመርጣል፤ ቅጠላቸው ስስ ጥላ የሚሰጠውና አፈርን የሚያዳብሩት ሰሳ፣ ግራርና በአፋን ኦሮሞ «ሶታሎ» የሚባለው ብርብራ ይቀራሉ። ዋንዛም ለጣውላ ስለሚፈለግ ይጠበቃል፤ እስኪደርስ ድረስ። ቀረሮን የመሰሉት ጥላቸው የከበደው፣ ዕድገታቸውም የዘገየው ቀስ በቀስ ይመናመናሉ።

ይሁንና ከሚቆረጠው ትልቅ ዛፍ ይልቅ የሚያሳስበው የማይታየው ቆረጣ ነው። ምንጠራ በየዓመቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ የክረምቱ ማብቂያ ላይ፣ ከለቀማው በፊት ይካሄዳል። ገጀራው አረሙን ሲያጭድ በአረሙ መካከል የበቀለውን የቀረሮ፣ የጥቁር እንጨትና የዋንዛ ቡቃያም አብሮ ያጭዳል። ቁመቱ ከጉልበት ያልበለጠ ቡቃያ ከአረም ለይቶ ለማየት ቆም ማለትን ይጠይቃል፤ በቀን ሥራ የተቀጠረ ሠራተኛ ደግሞ የሚከፈለው በመነጠረው ስፋት ልክ ነው። ይህ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ሲደጋገም ውጤቱ ከላይ የሚታየው ሸንጎበትና ከታች የሚታየው ቡና ብቻ ያለበት ደን ይሆናል። መካከለኛው እርከን፣ ማለትም ነገ ከፍ ብሎ የሚተካው ዛፍ፣ ባዶ ነው። አንድ ያረጀ ቀረሮ በነፋስ ሲወድቅ ቦታው በሰማይ ይተካል።

አኃዞች ይህንን በቀላሉ አያሳዩም። በአሁኑ ወቅት በኢትዮጵያ ደን ለመባል ስፋቱ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ የዛፎቹ ቁመት ቢያንስ 2 ሜትር፣ የዛፎቹ ጥላ ሽፋን ደግሞ ቢያንስ 20 በመቶ መሆን ይኖርበታል። ትርጉሙ ለአገር አቀፍ ቆጠራ አስፈላጊ ነው፤ የደረቅ አካባቢ ደኖችንም ለማካተት አስችሏል። ነገር ግን ሽፋኑ ከ80 በመቶ ወደ 30 በመቶ የወረደ የቡና ጫካ በዚህ መለኪያ አሁንም ደን ነው። በሳተላይት ምስልም አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። በእግር ገብቶ ከቡናው ሥር ጎንበስ ብሎ ያላየ ሰው ልዩነቱን አያገኘውም።

በአእዋፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናትም ተመሳሳይ ሁለት ገጽታ ያለው ውጤት አሳይቷል። በኢትዮጵያ የጥላ ቡና ማሳዎች የተገኙት የወፍ ዓይነቶች በአቅራቢያው ባለው ደን ከተገኙት ከሁለት እጥፍ በላይ ነበሩ። ይህ የአገራችን የቡና አመራረት ለአእዋፍ ምን ያህል የሚስማማ እንደሆነ የሚያስመሰክር ነው። ደን ብቻ የሚስማማቸውና በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ሥር ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች ግን በአንጻራዊነት በብዛት የተገኙት በደኑ ውስጥ ነው። የቡና ጫካ ብዙ እንግዶችን ይቀበላል፤ የቤቱን ባለቤቶች ሁሉ ግን አያቆይም።

ሌላው ሥጋት ከቢሻሪ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። የተመረጠው ዝርያ ምርታማ በመሆኑ ገበሬው ችግኙን ወደ ጫካው ዳርና ወደ ጫካው ውስጥ እያስገባ ይተክላል። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያራባ ተክል ቢሆንም ንቦች የተወሰነውን ያዳቅላሉ። ስለዚህ ከጫካ የወጣው ጥቂት ዘር ተመልሶ ገብቶ የጫካውን ብዙ ዓይነት ቡና እየመሰለና እየተካ ሊሄድ ይችላል። የቀድሞው መድኃኒት ሳይታሰብ የወደፊቱን የመድኃኒት ማከማቻ ማጣበቡ ነው። መፍትሔው ዝርያውን መከልከል አይደለም፤ ለጓሮና ለተከላ ማሳ የታሰበውን ከዱር ቡና አካባቢ አርቆ መትከል ነው።

የያዩ ጥብቅ የቡና ደንና ሦስቱ ቀጣናዎቹ

ይህንን የዘር ሀብት ለማቆየት የተወሰደው ትልቁ እርምጃ የያዩ የቡና ደን ጥብቅ ሥፍራ መቋቋሙ ነው። ከመቱ በስተ ምሥራቅ በገባ ወንዝ ሸለቆ ዙሪያ የሚገኘው ይህ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2010 (2002 ዓ.ም.) ከከፋ ጋር በአንድ ጊዜ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ የሰፈረ ሲሆን፣ የሸካ ደን ከሁለት ዓመት በኋላ ተከትሏል። ያዩ፣ ሁሩሙ፣ ዶረኒ፣ ቢሎ ኖጳ፣ አልጌ ሳቺና ጮራ ወረዳዎችን የሚነካ ሲሆን፣ ጠቅላላ ስፋቱ 167,021 ሄክታር ነው።

ከዚህ ውስጥ 27,733 ሄክታሩ ማዕከላዊ ቀጣና ነው። እዚህ ተፈጥሮ በራሷ ሥርዓት እንድትቀጥል ይተዋል፤ የዱር ቡናው ሳይመነጠርና ሳይመረጥ የሚራባበት ሥፍራ ይህ ነው። በዙሪያው ያለው 21,552 ሄክታር መከላከያ ቀጣና ሲሆን፣ የጫካ ቡና መልቀም፣ ማር መቁረጥና ኮረሪማ መሰብሰብን የመሳሰሉ ደኑን የማይጎዱ ሥራዎች ይከናወኑበታል። ቀሪው 117,736 ሄክታር መንደሮች፣ የእርሻ ማሳዎችና ከፊል የጫካ ቡና ያሉበት የሽግግር ቀጣና ነው። አኃዞቹ በግልጽ እንደሚያሳዩት የጥብቅ ሥፍራው ትልቁ ክፍል ሰው የሚኖርበት ነው። በአካባቢው የድንጋይ ከሰል ክምችት መኖሩ፣ ይህንኑ መሠረት ያደረገ የማዳበሪያ ፋብሪካ ግንባታ መጀመሩም መሬቱ በብዙ ወገን የሚፈለግ መሆኑን ያስታውሳል። የማዕከላዊው ቀጣና ደኅንነት በመጨረሻ የሚወሰነው በዙሪያው ያለው ገበሬ ከመከላከያውና ከሽግግሩ ቀጣና በቂ ገቢ በማግኘቱ ነው።

ሕጉና ገበያው

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 በዚህ ረገድ ያመጣው ለውጥ ከፍተኛ ነው። አዋጁ የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበራትና የመንግሥት ብሎ የደን ባለቤትነትን በአራት የሚከፍል ሲሆን፣ በደኑ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ተመልካች ሳይሆን ባለ መብት የሚሆንበትን በር ከፍቷል። ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በአጎራባቹ ሸካ «ቆቦ» በሚባለው ባህላዊ ሥርዓት ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ክፍል ባለቤቱ የታወቀ ነው፤ ሌላው ሰው ያለ ፈቃድ ዛፍ አይነካበትም። በጅማ ዞን በበለጠ ጌራ ደን ደግሞ ነዋሪዎች «ዋቡብ» በተባሉ የደን አስተዳደር ማኅበራት ተደራጅተው ከመንግሥት ጋር ውል በመግባት ደኑን ሲያስተዳድሩ፣ የጫካ ቡናቸውንም በዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ሲሸጡ ቆይተዋል። በዚያ የተደረገ ጥናት የምስክር ወረቀት ያገኘው የቡና ደን ካላገኘው ያነሰ ምንጠራ እንደ ደረሰበት አረጋግጧል።

ከገበያው በኩል ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ደንብ አለ። በደንቡ መሠረት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደኑ ተመንጥሮ ወደ እርሻነት ከተለወጠ መሬት የተገኘ ቡና ወደ ኅብረቱ ገበያ አይገባም፤ ቡናው የተመረተበት ማሳ መገኛም በካርታ መታወቅ ይኖርበታል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ በተደጋጋሚ ቢራዘምም የማሳዎች ምዝገባ ከወዲሁ ሊጠናቀቅ የሚገባው ሥራ ነው። ይህም ሆኖ ደንቡ ቡናን በሚመለከት የሚጠይቀው ደኑ ወደ እርሻ ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም ብሎ ነው። ከሥሩ ተተኪ ቡቃያ መኖር አለመኖሩን አይጠይቅም። ይህንን መጠየቅ የሚገባው ከደኑ ጋር የሚኖረው ሰውና እርሱን የሚያግዘው ባለሙያ ነው።

በማሳው ላይ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ተግባር ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ከምንጠራው በፊት ቡቃያዎችን ለይቶ ምልክት ማድረግ። የቡናው ባለቤት በነሐሴ ወር በማሳው ውስጥ ሲዘዋወር ያገኘውን የአገር በቀል ዛፍ ቡቃያ አጠገብ እንጨት ተክሎ ወይም ቀለም ያለው ጨርቅ አስሮ ቢያልፍ፣ ገጀራ ይዞ የሚመጣው ሠራተኛ ሊስተው አይችልም። ቡቃያው ሁሉ ይቅር ማለት አይደለም፤ ሁሉም ከቀረ ቡናው ብርሃን ያጣል። የሚፈለገው አሁን ጥላ እየሰጡ ላሉት ያረጁ ዛፎች ምትክ የሚሆን ያህል፣ ከተለያየ ዓይነት ተመርጦ፣ ጉልበትና ወገብ አልፎ ከቡናው በላይ እስኪወጣ ድረስ መጠበቁ ነው። ቀረሮና ጥቁር እንጨት ዕድገታቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ቅድሚያ ይሰጣቸው። የሠራተኛውን ክፍያ በስፋት ብቻ ሳይሆን ተርፎ በተገኘው ምልክት ያለበት ቡቃያም ልክ ማድረግ የሚቻል ነው።

የጥላ ዛፎችን ዓይነት ማብዛት ሌላው ነው። ሰሳና ብርብራ ለቡና መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ማሳው በሁለት ዓይነት ዛፍ ላይ ብቻ ከቆመ አንድ ተባይ ወይም በሽታ ጥላውን በአንድ ጊዜ ሊያሳጣ ይችላል። ብሳና፣ ዋንዛና ጌተም በተለያየ ወር ስለሚያብቡ ለንቦች ተከታታይ ቀለብ ይሆናሉ። ንቡ ለማር ብቻ ሳይሆን የቡናውን አበባ በመጎብኘትም ያገለግላል። ቀፎ ለመሥራትና ለማገዶ የሚቆረጠው እንጨት ከጓሮ ከሚተከል ዛፍ እንዲሆን ማድረግም ደኑን ያሳርፈዋል።

ከዱር እንስሳት ጋር ያለው ግጭት ሊሸፋፈን የሚገባው ጉዳይ አይደለም። በደን ዳር በቆሎ የዘራ ቤተሰብ ከጦጣና ከዝንጀሮ ቀኑን፣ ከዱር አሳማ ደግሞ ሌሊቱን በማማ ላይ ሆኖ ሲጠብቅ ያድራል፤ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩበት ጊዜም አለ። እንስሳቱን ለማራቅ ሲባል የደኑን ዳር መግፋት ግን የጠባቂነቱን ችግር ወደ ውስጥ ያዛውረዋል እንጂ አያስቀረውም። በደን ዳር ባለው መሬት ላይ እንስሳት እምብዛም የማይፈልጉትን እንደ ዝንጅብል፣ ሻይ ቅጠልና ኮረሪማ ያለ ምርት ማልማት፣ በቆሎውን ወደ መንደሩ ማቅረብና ጎረቤታሞች ጥበቃውን በተራ መከፋፈላቸው ጉዳቱን ይቀንሳል።

የዘንድሮው ምንጠራ የሚጀመረው ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ቀይ እሸት ከመታየቱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ነው። ቡቃያዎችን ለመለየት የሚቸገሩ፣ ከተመረጡት ዝርያዎች የትኛውን የት መትከል እንዳለባቸው ለማወቅ የሚፈልጉ ወይም በደን አስተዳደር ማኅበር ለመደራጀት ያሰቡ አርሶ አደሮች በየቀበሌው የሚገኙትን የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የወረዳውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ከዚያ ጊዜ በፊት ማነጋገር ይኖርባቸዋል።